የቅጠሉ ትኩሳት

አባቴ አንዲት የሙዝ ችግኝ ቅጠል ወደ ላይኛው ከንፈሩ አስጠግቶ «ያተኩሳታል» ያለኝ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ከዚያ ሳምንት በፊት ለዘጠኝ ዓመት ያህል ድምፁን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ቦታው ናይሮቢ ነው፤ ኢምባካሲ፣ ከኤርፖርቱ ብዙም በማይርቅ የመጋዘን ግቢ ውስጥ ያለች መስኮት የሌላት ክፍል። እንዴት እዚያ እንደተገናኘን ከመንገሬ በፊት ግን ያኔ እኔ ማን እንደነበርኩ ማወቅ አለባችሁ።

መሠረት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ዲላ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በመንግሥት የቡና ችግኝ ጣቢያ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ከደብራችን የማይጠፋ፣ የሰበካ ጉባኤ አባል የሆነ የተከበረ ሰው ነው። እኔ ሐዋሳ ኮሌጅ እያለሁ ጴንጤ ሆንኩ። ከሰው ከሚሰማው ብዬ ለክረምት ቤት ስመለስ ራሴው ነገርኩት። አልጮኸብኝም፤ እጁንም አላነሣብኝም። የያዘውን የሻይ ብርጭቆ ቀስ ብሎ አስቀመጠና «እንግዲህ መንገድሽን አውቀሻል» ብሎ ተነሣ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር አንድም ቀን በስሜ አልጠራኝም። እናታችን ቀደም ብላ ስላረፈች በመሀከላችን ገብቶ የሚያስታርቅ አልነበረም። በዓመቱ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በሞያሌ አድርጌ ናይሮቢ ገባሁ።

ኢስትሊ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራየን። ሥራ ያገኘሁት ላቪንግተን ሰፈር፣ ማዳም ዋንጂሩ የምትባል ባሏ የሞተባት ኬንያዊት ቤት ነው፤ ጽዳት። ሳሎኗ ውስጥ ብዙ ተክሎች ነበሯት፤ ገሚሶቹ ደርቀዋል፣ ገሚሶቹ ውኃ በዝቶባቸው በስብሰዋል። ማንም ሳያዘኝ ቦታ ቦታቸውን ቀያየርኳቸው። ከመስኮቱ የራቀውን አቀረብኩ፣ ፀሐይ የሚያገኘውን ወደ ውስጥ አስገባሁ። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ልጅ አይደለሁ? ተክሎቹ ሲያገግሙ ማዳም ልብ ብላ ኖሮ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ኢምባካሲ የከፈተችውን የሙዝ ችግኝ ክፍል ለእኔ ሰጠችኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። የሙዝ ችግኞች ላቦራቶሪ ውስጥ በጠርሙስ ይበቅሉና ከጣት የማይበልጥ ቁመት ሲኖራቸው ወደ እኛ ይመጣሉ። ጠርሙስ ውስጥ አየሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ስለዚህ ቅጠላቸው ውኃውን መቆጠብ ገና አያውቅም። በድንገት ወደ ውጭ አየር ከወጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠውልገው ይተኛሉ። የእኛ ክፍል ማረፊያቸው ነው። መደርደሪያ ላይ፣ መብራት ሥር፣ በፕላስቲክ መጋረጃ ተሸፍነው፣ ጭጋግ የሚተፋ ማሽን እየረጨላቸው ጥቂት ሳምንት ይቆያሉ። ሲጠነክሩ ገበሬዎች ይወስዷቸዋል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ሌላ አገር ሲሄድ አንድ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፎልኝ ነበር። «ሙቀት ሃያ አምስት፣ እርጥበት ዘጠና» ይላል። እኔም ከዚያች ወረቀት ዝንፍ ብዬ አላውቅም። በሩ አጠገብ የተንጠለጠለችው መለኪያ ሁልጊዜ ሃያ አምስትና ዘጠና ትላለች።

ሆኖም ችግኞቹ ሞቱ። መጀመሪያ የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ይሆናል፣ ቀጥሎ መሀሉ ላይ ግራጫ ሻጋታ ይወጣል፣ ከዚያ ይወድቃል። እርጥበት አነሳቸው ብዬ ጭጋጉን ጨመርኩ፤ ፈጥነው ሞቱ። ሁለተኛው ዙርም እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛው ዙር ሲገባ ማዳም ዋንጂሩ መጣችና በሩ ላይ ቆማ፣ «መሠረት፣ አንቺን አልወቅስም። ችግኝ የሚገዙን የሙራንጋ ገበሬ ሴቶች ግን መሬታቸውን አርሰው ሲመጡ ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን መልሻቸዋለሁ። ይሄኛውም ከሞተ ክፍሉን እዘጋዋለሁ» አለችኝ። በአሥረኛው ቀን የላይኛው መደርደሪያ ጠርዙ ቡናማ መሆን ጀመረ።

ልክ በዚያው ሳምንት ታናሽ እኅቴ ሂሩት ከዲላ ደወለች።

«አባባ ናይሮቢ እየመጣ ነው» አለችኝ።

«የት?»

«ናይሮቢ። ዓይኑን ሊታከም። ግላኮማ ነው አሉት። ሰኞ የሐኪም ቀጠሮ አለው።»

«የት ሊያርፍ?»

ኢስትሊ ምግብ ቤት ያለው የአገራችን ሰው ጋ ሊያርፍ ነበር፤ ሰውየው ግን ለቅሶ አገር ቤት ሄዷል። «መሲዬ፣ አንቺ ጋ ነዋ። ሌላ ማን አለን?» አለችኝ።

ዓርብ ጠዋት የሞያሌው አውቶቡስ ኢስትሊ ሲደርስ ጓደኛዬ አልጋዋን ለቃ ዘመዶቿ ጋ ሄዳ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ አባቴ የበሩን ብረት እየዳበሰ ወረደ። ያንን የማውቀውን ግራጫ ኮቱን ለብሷል። ከስቷል። ሰውን ቀጥ ብሎ ማየት ስለማይችል ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ በግራ ዓይኑ ጥግ ይፈልገኛል።

«መሠረት ነሽ?»

«አዎ አባባ። እንኳን ደህና መጡ።»

«መጡ» አልኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ «አንተ» የምለውን አባቴን። አፌ ራሱ ነው ያወጣው። አንገቴን ለመሳም ቀረበና፣ እንደ መቁረጥም እንደ ማመንታትም ብሎ፣ ትከሻዬን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገኝ።

ያን ቀን ብዙ አልተነጋገርንም። «ይብሉ» እላለሁ፤ «ይበቃኛል» ይላል። «ደከመዎት?» እላለሁ፤ «መንገድ አይደል» ይላል። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሥራ ለመሄድ ስነሣ ግን እሱ ቀድሞኝ ጫማውን አስሮ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«እኔንም ውሰጂኝ» አለ።

«ሩቅ ነው አባባ፣ ታክሲው ይጨናነቃል። እዚህ ቢያርፉ ይሻላል።»

«ሁለት ጊዜ ሞቱብሽ አይደል? አሁን ሦስተኛው ነው።»

ክው አልኩ። ማን ነገረዎት ለማለት አልደፈርኩም። እጁን ያዝኩና ደረጃውን ወረድን። ማታቱ በሚሉት ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ምዜ፣ ካሪቡ»፣ አባት እንኳን ደህና መጡ፣ ብሎ ከፊት አስቀመጠው። አባቴ ስዋሂሊ አያውቅም፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አለው በአማርኛ። መንገዱን ሙሉ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ የሚያይ መስሎ ተቀመጠ።

ክፍሉን ስከፍት የተለመደው ጭጋግ ፊታችን ላይ መጣ። መብራቶቹ በርተዋል፣ መለኪያዋ ሃያ አምስትና ዘጠና ትላለች። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ አልገባም። አፍንጫውን ቀና አድርጎ ተነፈሰ።

«ታፍነዋል» አለ።

«እርጥበት ይፈልጋሉ እኮ አባባ። ከጠርሙስ ነው የወጡት።»

«እርጥበቱን አይደለም ያልኩሽ። አየሩ ቆሟል። እስኪ ወደ አንዱ አድርሺኝ።»

የላይኛውን መደርደሪያ ፕላስቲክ ገለጥ አደረግኩና እጁን ወደ አንዲት ችግኝ መራሁት። ቅጠሏን በሁለት ጣቱ ያዛት፤ ሳይጫን፣ የሕፃን ጆሮ እንደሚይዝ ሰው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ ላይኛው ከንፈሩ አስጠጋት። የማየት ኃይሉ ከመድከሙ በፊትም እንዲሁ ያደርግ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ፤ ጣት በሥራ ይደነድናል፣ ከንፈር ግን አይዋሽም ይል ነበር።

«ያተኩሳታል» አለ።

«ማንን?»

«ቅጠሏን ነዋ። ያቺ በሩ አጠገብ ያለችው መለኪያሽ ምን ትልሻለች?»

«ሃያ አምስት።»

«የራሷን ትኩሳት ነው የምትነግርሽ። እዚያ በሩ ጥላ ላይ ቆማ ስለ ቅጠሉ ምን ታውቃለች?»

እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። ዘጠኝ ዓመት ዝም ብሎኝ ኖሮ አሁን መጥቶ ሥራዬን ሊያርም። ማስረጃ ፈለግኩ። በኮሮና ጊዜ የሰው ግንባር ላይ ይደገን የነበረው ሙቀት መለኪያ ዘበኛው ጋ እንዳለ አስታወስኩና ሮጬ አመጣሁት። የሰው ሳይሆን የዕቃ ሙቀት በሚለው ላይ አዞርኩና ቅጠሉ ላይ ደገንኩት።

ሠላሳ ሦስት።

ሌላ ቅጠል ላይ ደገንኩ። ሠላሳ ሦስት ከግማሽ። የታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ መብራቱ ራቅ ያለበት፣ ሃያ ሰባት። ያ መደርደሪያ ከሁሉም ደህና ነበር። እኔ ግን እስከዚያች ሰዓት ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

መሣሪያውን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሁለት ዙር ችግኝ የገደልኩት ራሴ ነኝ። መብራቱ ቅርብ ነው፣ አየሩ አይንቀሳቀስም፣ ቅጠሉ ይግላል። የጋለ ቅጠል ውኃውን ይለቃል፤ ትንሿ ሥር ደግሞ ያን ያህል መጠጣት አትችልም፤ ስለዚህ ጠርዙ ይደርቃል። እኔ ድርቀቱን አይቼ ጭጋግ እጨምራለሁ። ጭጋጉ ቅጠሉ ላይ ጠብታ ሆኖ ይቀመጣል፣ ማታ መብራቱ ሲጠፋና ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ሻጋታ ይሆናል።

«እኔው ነኝ የገደልኳቸው» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ተነሺ» አለኝ አባቴ። «የሞተውን ተይው። ያለውን እንይ።»

ሥራ ጀመርን። መብራቶቹ በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ናቸው፤ የቻልኳቸውን ወደ ላይ ሳብኳቸው፣ ከየሁለቱ አንዱን አጠፋሁ። ከቢሮው ትንሿን ማራገቢያ አመጣሁና ወደ ችግኞቹ አዞርኳት።

«እንደሱ አይደለም» አለኝ ንፋሱን በእጁ ፈልጎ። «ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጊያት። ግድግዳውን መትቶ ይመለስላቸው። ቅጠሉ ሲወዛወዝ ካየሽ በዝቷል፤ ጫፉ ብቻ ንቅንቅ ካለ ይበቃል።»

ከዚያ የቸኮልኩበት ጊዜ መጣ። ከታፈኑማ ላስተንፍሳቸው ብዬ የሦስተኛውን መደርደሪያ ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ ገፈፍኩት። አባቴ ሌላ ጥግ ላይ ስለነበር አላወቀም። ሃያ ደቂቃ አልሞላም፤ ዞር ስል በመደርደሪያው ላይ ያሉት ችግኞች በሙሉ አንገታቸውን ደፍተዋል። አንድ በአንድ ሳይሆን ሁሉም አንድ ላይ።

«አባባ! ተኙ! ሁሉም ተኙ!»

«ምን አደረግሻቸው?»

«ፕላስቲኩን አነሣሁት። አውቄ ነው እኮ፣ እንዲተነፍሱ ብዬ...»

«መልሺው! ቶሎ መልሺው፣ መብራታቸውንም አጥፊ!»

ፕላስቲኩ ረጅም ነው፤ ብቻዬን ስጎትተው ከወዲያኛው በኩል ይወልቃል። ሳላስበው ጮህኩ፦

«አባባ፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝ!»

እጁን ዘርግቶ ዳበሰ፣ ጫፉን አገኘው፣ ያዘው። እኔ በዚህ በኩል፣ እሱ በዚያ በኩል፤ በመሀከላችን የተኙት ችግኞች። «ያዝልኝ» ማለቴ ለእኔም ያኔ ነው የተሰማኝ።

«ያዝኩልሽ» አለ። ድምፁ ተለውጧል። «ያዝኩልሽ ልጄ። ቀስ ብለሽ ሳቢ።»

ሸፍነናቸው፣ መብራታቸውን አጥፍተን፣ ትንሽ ጭጋግ ሰጥተናቸው ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም። ገደልኳቸው እያልኩ አለቀስኩ።

«ቸኮልሽ እንጂ አልገደልሽም» አለኝ። «እኔም አድርጌዋለሁ። አንቺ ሳትወለጂ ነው። የችግኝ ዳስ የሳር ጣሪያው በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ነው የሚሳሳው፤ ችግኙ ፀሐይ እንዲለምድ። እኔ የበላይ ሊጎበኝ ነው ሲሉኝ ሥራዬን ላሳይ ብዬ ባንድ ጠዋት ገፈፍኩት። ከሰዓት በኋላ መደቡ ሁሉ ተጠብሶ ጠበቀኝ።»

«ይህን ነግረኸን አታውቅም።»

«ምን የሚነገር ነገር አለው?» አለ። «እናትሽ ብቻ ናት የምታውቀው። እሷ ነበረች ያን ቀን ውኃ ያመላለሰችልኝ።»

ቆየት ብዬ ጠዋት ያልደፈርኩትን ጠየቅኩት። «ችግኝ እንደሞተብኝ ማን ነገረህ? ሂሩት ናት?»

«ራስሽ ነሻ።»

«እኔ?»

«ለሂሩት ስትደውዪ ስፒከር ላይ አድርጊው እላታለሁ። አጠገቧ እቀመጣለሁ። ትንፍሽ አልልም።» ጉልበቱን በእጁ እያሻሸ ነበር። «ላቪንግተን ሥራ ያገኘሽ ቀን ሰምቻለሁ። ወባ ታመሽ የተኛሽ ጊዜም ሰምቻለሁ። ማዳሟ ይሄን ክፍል የሰጠችሽ ቀን ስትስቂም ሰምቻለሁ። ሳቅሽ አልተለወጠም።»

ዘጠኝ ዓመት። በየሳምንቱ ለሂሩት ስደውል «አባባ ደህና ነው?» እላታለሁ፤ «ደህና ነው» ትለኛለች። ለካ እዚያው ጎኗ ተቀምጦ ነበር።

ተነሥቼ ፕላስቲኩን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ከተኙት ውስጥ ገሚሶቹ አንገታቸውን ቀና ማድረግ ጀምረዋል።

እሑድ ጠዋት ነጠላውን ለብሶ ተነሣ። ናይሮቢ ውስጥ ያለችውን የኛን አገር ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ላደርስህ አልኩት። ቀድሜ መንገዱን ጠይቄ ነበር። ለእሱ እንዲህ ማሰቤ ደስ እንዳለው ፊቱ ላይ አየሁ።

«መጀመሪያ ልጆቹን አይተናቸው እንሂድ» አለኝ።

ልጆቹ ያለው ችግኞቹን ነው። ኢምባካሲ ስንደርስ የሦስተኛው መደርደሪያ ችግኞች ከጥቂቶቹ በቀር ቆመዋል። የላይኛው መደርደሪያ ግን አሁንም ሠላሳ ይላል፤ የመብራቱ ሰንሰለት ዝጎ አልነሣልኝ ስላለ ወደ ላይ አልወጣም። መብራቱን በሙሉ ካጠፋሁ ደግሞ ችግኞቹ ይራባሉ። አንድ ስስ ጨርቅ ፈለግኩ፤ ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ወፍራም ሸራ ነው።

አባቴ ነጠላውን ከትከሻው አወረደ።

«ኧረ አባባ! የቤተ ክርስቲያን ልብስህ እኮ ነው።»

«ታጥቦ ይለበሳል። ዘርጊው። መብራቱን እንዳይነካ ብቻ፣ ዝቅ አድርገሽ እሰሪው።»

በአራት ገመድ አሰርኩት። ብርሃኑ በስሱ ጨርቅ በኩል ተጣርቶ ቅጠሎቹ ላይ ለስለስ ብሎ ወረደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደገንኩ። ሃያ ስድስት።

ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን አልሄድንም። ፕላስቲኩን በየሰዓቱ አንድ አንድ ጣት እየከፈትን፣ ከተኛ እየዘጋን፣ ከቆመ እየተውን ዋልን። ወደ ቀትር ላይ አባቴ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁ፤ የሚያውቀውን ጸሎት በቃሉ ያደርሳል። እኔም በሌላኛው ጥግ ዓይኔን ጨፍኜ በራሴ መንገድ ጸለይኩ። እሱ ሲያማትብ አላፈርኩም፤ እኔ እጄን ስዘረጋም ፊቱን አላዞረም። ወይም ቢያዞርም በግራ ዓይኑ ጥግ ሊያየኝ ነው።

ከሰዓት በኋላ ማዳም ዋንጂሩ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጣች። በሩን ስትከፍት መብራቱ ገሚሱ ጠፍቷል፣ ፕላስቲኩ ተገልጧል፣ መደርደሪያ ላይ ነጠላ ተወጥሯል፣ አንድ ሽማግሌ ባልዲ ላይ ተቀምጧል።

«መሠረት! ምንድን ነው ይሄ? ማነው መብራቱን ያጠፋው?»

«አባቴ ነው።»

«ማነው መብራቱን ያጠፋው ነው ያልኩሽ!»

«እኔ ነኝ ማዳም። አባቴ ደግሞ ይሄ ነው።» መሣሪያውን ሰጠኋትና ራሷ እንድትደግን ነገርኳት። ነጠላው ሥር ያለው ቅጠል ላይ ደገነች። ሃያ አምስት። መብራቱ አልነሣ ያለበት፣ ነጠላውም ያልደረሰበት ሌላ ጥግ ወሰድኳት። ሠላሳ አንድ፤ ጠርዙ ቡናማ። መለኪያዋ በሩ አጠገብ ሆና ለሁለቱም ሃያ አምስት ትላለች። ማዳም ሦስቱን ደጋግማ አየችና ወደ አባቴ ዞረች።

«ምዜ በምን አወቀ?»

ተረጎምኩለት። አባቴ ሳቅ ብሎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ማዳም ዝም እንድትል የነገራት መስሏት ነበር፤ ሳስረዳት እሷም ሳቀች። «እስከ ሐሙስ እጠብቃለሁ» ብላ ወጣች።

ሰኞ ዓይን ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ኬንያዊት ናት፤ ረጋ ብላ አየችው። ከዚያ የያዘውን የመድኃኒት ጠርሙስ ጠየቀችውና አገላብጣ አነበበች።

«ይሄን ጠብታ ማን አዘዘለት?» አለችኝ።

አባቴን ጠየቅኩት። «ሐዋሳ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ትክክለኛው መድኃኒት ነው» አለች ሐኪሟ። «እኔም ይህንኑ ነው የማዝለት። የቀኝ ዓይኑ የጠፋው አይመለስም። የግራውን ጠብታው ለጊዜው ያቆይለታል፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን መናገር አልችልም። ይህን አልነገሩትም?»

ተረጎምኩለትና መልሱን ጠበቅኩ።

«ነግረውኛል» አለ።

ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። «አባባ፣ ሐዋሳ ከነገሩህ፣ መድኃኒቱም ካለህ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ተንገላተህ ለምን መጣህ?»

ፊቱን ወደ ቀኝ አዞረ። በግራ ዓይኑ ጥግ ያየኛል ማለት ነው። እጁን ዘርግቶ ግንባሬን፣ ከዚያ ጉንጬን ነካ።

«ድምፅሽን እሰማለሁ» አለኝ። «ፊትሽን ግን ሳላየው እንዳይመሽብኝ ብዬ ነው።»

እዚያው ሰው በሚተላለፍበት ኮሪደር ላይ ጉልበቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አንዲት ነርስ «ፖሌ ሳና»፣ አይዞሽ፣ እያለች ጀርባዬን ዳበሰችኝ። መጥፎ ዜና የሰማሁ መስሏት ነው።

ሐሙስ ማዳም ዋንጂሩ ስትመጣ የላይኛው መደርደሪያ ችግኞች መሀላቸው ላይ አዲስ ቅጠል ጠቅልለው አውጥተዋል፤ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ፣ ለስላሳ አረንጓዴ። አዲስ ቅጠል ያልሰጠ ነጠላው ያልደረሰበት ያ ጥግ ብቻ ነበር። ከሦስተኛው መደርደሪያ ግን ሩቡ የሚሆነው አልተረፈም፤ የእኔ ችኮላ ነው፣ ዛሬም ይቆጨኛል። ማዳም ስለ መዝጋት ምንም አላነሣችም። «ሰንሰለቱን የሚሠራ ሰው እልካለሁ» ብቻ አለችኝ።

አባቴ ለአራት ቀን መጥቶ አምስት ሳምንት ቆየ። በየቀኑ አብሮኝ እየመጣ ከንፈሩን አስጠግቶ ይገምታል፣ እኔም በዓይኔ ገምቼ መሣሪያውን እደግናለሁ፤ ማን ይበልጥ እንደሚቀርብ እንወራረዳለን። ብዙውን ጊዜ በአንድ ዲግሪ ነው የሚሳሳተው። የሙራንጋ ሴቶች ችግኛቸውን ሊወስዱ የመጡ ቀን፣ የሁሉ ታላቅ የሆነችው ሴትዮ ምዜው ካልመረቀን አንሄድም አለች። እሱም ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ በአማርኛ ረዘም አድርጎ መረቀ፤ መሬታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ ዝናባቸውን። አንድም ቃል አልገባቸውም። ግን በየመሀሉ ትንፋሽ ሲወስድ ሁሉም «አሜን» ይሉ ነበር። መጨረሻ ላይ «ልጄንም» አለ። «አሜን» ያልኩት እኔ ብቻዬን ነኝ፤ እነሱ ያለቀ መስሏቸው ጭነቱን ጀምረው ነበር።

ይህ ከሆነ ዓመት አልፏል። አባቴ ዲላ ነው። የግራ ዓይኑ አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያል። በየቀኑ እንደዋወላለን፤ ስለ ችግኝ እናወራለን፣ ስለ ሃይማኖት ስናነሣም አንዳንዴ እንከራከራለን፣ አንዳንዴም እሱ ቀድሞ ስልኩን ይዘጋል። በማግስቱ ይደውላል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከአባታችሁ ወይም ከእናታችሁ ጋር የተኮራረፋችሁ ካላችሁ፣ ሂዱና ይቅርታ ተጠያየቁ ልላችሁ አይደለም። እኔና አባባ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልተጠያየቅንም። ዘጠኝ ዓመት ያንን ቃል እሱ ይጀምር ስል እሱም እኔ እንድጀምር ሲጠብቅ ነበር የባከነው። ያስታረቀን ሌላ ነገር ነው። እሱ እኔ ዘንድ የሚያውቀውን ሥራ አገኘ፤ እኔም እጁን ይዤ ወደ ሥራው አስገባሁት። ስለዚህ ከአፋችሁ ቃል ካልወጣ አትጨነቁ። እሱ የሚችለውን፣ እናንተ ያቃታችሁን አንድ ነገር ፈልጉና ጫፉን ያዝልኝ በሉት። ይይዝላችኋል።